ለፎሶሊያ ማሳዬ አማካሪ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

አንድ አግሮኖሚስት (የሰብልና የአፈር ባለሙያ) በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጠቅሰውም። ፎሶሊያ ወይም ቦሎቄ የምታመርቱና ውሃ ያጠራችሁ ግን ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

የጠራኋቸው ለአንድ ጥያቄ ነበር። ባዮስቲሙላንት፣ ማለትም ተክሉ እንደ ድርቀት ያለ ጫና እንዲቋቋም የሚያግዝ ነገር፣ ብረጭ ውሃውን ምን ያህል መቀነስ እችላለሁ? ሌላው ቢሆን ጠርሙሱን ይዞልኝ ይመጣ ነበር። እሳቸው አካፋ አስመጡ። ቆፍረው ሥሩን አሳዩኝ። አብዛኛው የፎሶሊያ ሥር ከላይኛው አፈር ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ላዩ ሲደርቅ ተክሉ ቶሎ ይጎዳል። ናይትሮጂን የሚያዘጋጁት የሥር ላይ እባጮችም ድርቀት አይችሉም።

ቀጥለው አንድ ቁጥር ነገሩኝ። ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መመሪያ ላይ ለዚህ ሰብል የተሰጠው ቁጥር 1.15 ነው። ሰብሉ በዕድሜው ሙሉ ከሚጠቀመው ውሃ 10 በመቶ ቢጎድልበት፣ ምርቱ 11.5 በመቶ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ውሃ ቆጥቤ አተርፋለሁ ለሚል ሰው ደስ የሚል ወሬ አይደለም።

ግን ተስፋ አላስቆረጡኝም። ችግኙ ሥር ከያዘ በኋላ እስኪያብብ ድረስ ውሃውን በመጠኑ መቀነስ ይቻላል አሉ። አበባ ሲጀምር ግን ውሃ ከመቀነስ እጃችሁን ሰብስቡ! ያኔ ከተጠማ አበባውና ለጋው ፍሬ ይረግፋል። ፍሬው ሲያድግ ከተጠማ ደግሞ አጭር፣ ቆልማማና ቃጫ የበዛበት ይሆናል። ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ቀጥ ማለቱን፣ ሲሰበር ቀጭ ማለቱን። ውሃ ማብዛትም አያዋጣም፣ ቅጠል ይበዛል፣ ሥር ይበሰብሳል።

ስለ ባዮስቲሙላንቱ ያሉኝ አጭር ነው። ማዳበሪያ አይደለም፣ ፀረ ተባይም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2019 ደንብም የሚገልጸው ተክሉ ንጥረ ነገር በደንብ እንዲጠቀም፣ ድርቀትን የመሰለ ጫና እንዲቋቋም፣ ጥራቱም እንዲሻሻል የሚያግዝ ብሎ ነው። ውሃን አይተካም። ከባሕር አረም የተዘጋጀውን መረጥን። ተክሉ ከመጠውለጉ በፊት፣ በጠዋት ይረጫል፤ የተጠማ ቅጠል ቀዳዳዎቹን ስለሚዘጋ በደንብ አይቀበልም።

በጣም የወደድኩላቸው ግን ሳይረጭ የሚቀር መደብ ካልተውክ አልሠራም ማለታቸው ነው። ያለ ማነጻጸሪያ እንዴት ታውቀዋለህ? እውነታቸውን ነው። ውሃ በመጠኑ በቀነስንበት በኩል የተረጨው ፍሬ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቃጫውም ያነሰ ነበር። ሙሉ ውሃ ባገኘው በኩል ግን የተረጨውንና ያልተረጨውን መለየት አቃተኝ። ውሃ ያልቸገረው ሰው ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ቢያውል ይሻለዋል፤ ይሄ የእኔ አስተያየት ነው። የአንድ ማሳ ውጤት መሆኑንም አትርሱ።

እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ወሬ ከጀመሩ ደግሞ አያቆሙም፣ ስለ አፈር ከሆነማ ጉድ ነው። ከመድኃኒት ሻጭ ግን ኮሚሽን አይቀበሉም፣ አያስፈልግም ያሉትን ነገር ብትለምኗቸውም አያዙላችሁም።

ስትደውሉላቸው የዘራችሁበትን ቀን፣ የአፈሩን ዓይነትና በሳምንት ምን ያህል ውሃ እንደምታገኙ ይዛችሁ ጠብቁ። መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።