ካምፐር ቫኑን ውሾቼ ሲገመግሙት

የካምፐር ቫን (የሚተኛበትና የሚበሰልበት መኪና) ግምገማ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ስለ አልጋው፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ነዳጁ ብዙ ይባላል። ስለ ወለሉ ግን አንድ መስመር የሚጽፍ የለም። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ነው። ስለዚህ እኔ ከወለል እጀምራለሁ።

በቅድሚያ ግን ተሳፋሪዎቹን ላስተዋውቅ። መቻል ትልቅ ነው፤ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዕድሜው ስለገፋ ጠዋት ጠዋት የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል። ቡቺ ትንሽ ናት። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አትችልም፤ መኪና ሲነሳ ደግሞ ሆዷ ይገለባበጣል። ባለቤቴና እኔ ሹፌርና ረዳት ነን፤ በየቀኑ እንቀያየራለን።

የተከራየነው 6 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሃይሩፍ፣ ማለትም ጣሪያው ከፍ ያለ ቫን ነው። ውስጡ ቀጥ ብሎ ያስቆማል። ከኋላ አግድም የተዘረጋ አልጋ አለው፤ ከሥሩ ሰፊ የዕቃ ቦታ። መሃል ላይ የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ ማጠቢያና ፍሪጅ። ወጥ ቤቱ ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ወለሉ ቪኒል ነው። ለመጥረግ ይመቻል፤ በሁለት ደቂቃ ንጹሕ ይሆናል። ለውሻ ጥፍር ግን ያንሸራትታል። መቻል መጀመሪያ ሲገባ አራቱ እግሮቹ በአራት አቅጣጫ ነው የሄዱት። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ ከበሩ እስከ አልጋው ስናነጥፍለት ችግሩ ወዲያው ቀረ። ርካሽ ነገር ነው። ውሻ እንቀበላለን የሚል አከራይ ራሱ ቢያነጥፈው ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ጎን በሩ።

ጠዋት ያንን በር መክፈት የዚህ መኪና ትልቁ ደስታ ነው። እጀታውን ገና ሳልነካ ቡቺ ከሥሩ ተገትራ ጭራዋን ትቆላለች። በሩ ተንሸራቶ ሲከፈት ግን ዘላ አትወጣም። መጀመሪያ አፍንጫዋን ብቻ ታወጣለች። ዓይኗን ከደን አድርጋ ታነፈንፋለች። ሰው አፍንጫ ውስጥ ያሉት ሽታ ተቀባይ ሴሎች 5 ወይም 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ የውሻ ከ100 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ለእኔ አዲስ ቦታ ማለት ሐይቁና ተራራው ነው። ለሷ ግን ሌሊት በዚያ ያለፈው ጥንቸል ነው፤ ትናንት እዚያው የቆመ ሌላ ውሻ ነው፤ ዝናብ የነካው ቅጠል ነው። ሁሉንም ሳትጨርስ እግሯን መሬት አታስነካም። መቻል ከኋላዋ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ባለቤቴ ቡናውን እስኪያፈላ ድረስ እዚያው ደፉ ላይ ናቸው። እኔም ከነሱ ጋር እቀመጣለሁ፤ ስልኬን እንኳ አላስታውሰውም።

የቫኑ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከበሩ ውጭ ያለው በየቀኑ ይለወጣል፤ ከበሩ ውስጥ ያለው ግን አይለወጥም። ያው ብርድ ልብስ፣ ያው የውሃ ሳሕን፣ ያው ጥግ። ውሻ ልማድ የሚወድ እንስሳ ነው። ቀድሞ በትንሽ መኪና እየሄድን ሆቴል ስናድር በየምሽቱ ክፍሉ አዲስ፣ ሽታው አዲስ፣ የኮሪደሩ ኮቴ አዲስ ነበር። ቡቺ ለእያንዳንዱ ኮቴ ትጮኻለች። ጎረቤት ግድግዳ ይመታል። እኛ በሹክሹክታ እንለማመጣታለን። ጠዋት ቁልፍ ስንመልስ ሼም ይይዘናል። «ውሻ አይገባም» ያሉንን ሆቴሎች ሳልቆጥር ነው ይህን የምላችሁ። በቫን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ሌሊት ሊሸና የፈለገ ውሻ በሩ እስኪከፈትለት ነው የሚጠብቀው፤ ሊፍት መጠበቅ የለም።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? እኛም መኪናውን በተረከብንበት ዕለት፣ ገና ሞተር ሳናስነሳ፣ ራታቸውን ውስጡ አበላናቸው። ቤታቸው መሆኑን እንዲያውቁት ብለን ነው። ዘዴው ሠራ፤ ከሚፈለገው በላይ ሠራ። መቻል በቤታችን ሰነፍ የሚባል ውሻ ነው፤ እዚያ ግን የቫኑ ዘበኛ ሆኖ አረፈው። በአጠገባችን ያለፈን ሁሉ በጉርምርምታ ነበር የሚሸኘው። የቡቺን የመጓጓዣ ሳጥንም እንደዚያው ቀድመን ከምግብ ጋር ስላለማመድናት ሳትለመን ገባችበት።

ሲነዳ ሁለቱም ይታሰራሉ። ይህ ላይ ድርድር የለኝም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ ያልታሰረ ውሻ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። ያ ፍጥነት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲመታ ካለው ጋር እኩል ነው። 30 ኪሎ ከሦስተኛ ፎቅ ወገባችሁ ላይ ሲወርድ አስቡት። ለመቻል ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ገዝተን ከኋላ ወንበር ቀበቶ ጋር አያያዝነው። የአንገት ማሰሪያውን ከቀበቶ ጋር ማያያዝ ግን አይሆንም፤ ሲጎተት አንገቱን ይጎዳዋል። የቡቺን ሳጥን ደግሞ ወለሉ ላይ ካሉት የዕቃ ማሰሪያ ቀለበቶች ጋር ጠፍረነዋል። ቀለበቶቹ ጠንካራ ናቸው፤ ቦታቸውም በደንብ የታሰበበት ነው። ለዚህ አከራዩን አመሰግናለሁ።

በነገራችን ላይ ውሻ ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ የዛሬ ሰው ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1903 ሆሬሺዮ ኔልሰን ጃክሰን የሚባል ሐኪም አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቋርጥ፣ በመንገዱ ላይ ባድ የሚባል ውሻ ገዝቶ ይዞ ነበር። የዚያ ዘመን መኪና የፊት መስታወትም ጣሪያም አልነበረውም። አቧራው የውሻውን ዓይን ሲያስቸግረው መነጽር አደረገለት። ባድ መነጽሩን አድርጎ የተነሳው ፎቶ ዛሬም አለ። ቡቺ ገና ሳጥኗ ውስጥ ሳትገባ ጭንቅላቷን በመስኮት ልታወጣ ስትታገል እሱ ትዝ ይለኛል። እሷ መነጽር ስለሌላት መስኮቱን ከፍ አደርገዋለሁ።

የሆዷን ነገር ላንሳ። መኪና የሚያማቸው በብዛት ቡችሎችና ወጣት ውሾች ናቸው። ከማስመለስ በፊት ምልክት አለው፤ ደጋግማ ታዛጋለች፣ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ለሃጯ ይዝረከረካል። ያኔ ቶሎ መቆም ነው። ከመነሳታችን ጥቂት ሰዓታት በፊት ምግብ አንሰጣትም፤ ውሃ አይከለከልም። ሳጥኗን መጀመሪያ ከኋላ ጎማው በላይ አድርገነው ነበር፤ እዚያ መናጡ ይበዛል። በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ስናደርገው በግልጽ ተሻላት። ለባሰበት ውሻ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ። የሰው መድኃኒት ግን በግምት አይሰጥም።

አሁን ወደ ቬንቲሌተሩ፣ ማለትም ወደ አየር ማስወጫው። ውሻ ይዞ ቫን የሚከራይ ሰው ከሁሉም በላይ መመርመር ያለበት ይህንን ነው። ውጭው 21 ዲግሪ ሲሆን ለሰው ደስ የሚል አየር ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ግን በ10 ደቂቃ 32፣ በግማሽ ሰዓት 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙም አያድንም። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፤ በማለክለክ ነው። የሚያስገባው አየር ራሱ ከጋለ ማለክለኩ ከንቱ ነው። ጤናማ ውሻ የሰውነት ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 41 ከደረሰ ነፍሱ አደጋ ላይ ናት። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት ደግሞ ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ።

የዚህ ቫን ቬንቲሌተር ጣሪያው መሃል ላይ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እዚያ መሆኑ ትክክል ነው። የጎን መስኮት ትንሽ ተከፍቶ እሱ አየሩን ወደ ውጭ ሲስብ ልዩነቱ ፊት ላይ ይታወቃል። በዝግታ ሲዞር ድምፁ አይሰማም። በሙሉ ኃይሉ ሲዞር ግን ቡቺን ያስበረግጋታል። እስከዚህ ድረስ አሪፍ ነው።

ቅሬታዬ ባትሪው ላይ ነው። ስንረከብ «ሌሊቱን ሙሉ ያሠራዋል፣ ሐሳብ አይግባችሁ» ተባልን። አላሠራውም። ጎህ ሳይቀድ ቆሟል። ስደውል ፍሪጁን አጥፉት የሚል መልስ አገኘሁ። ሶላሩ ቀን ሲሞላው ይውላል፤ ባትሪው ግን ያረጀ ስለሆነ የተሞላውን አይዝም። ለሰው ይህ መጠነኛ ችግር ነው። ፀጉራም ውሻ ላለው ሰው ግን ቀላል አይደለም። ስትረከቡ ባትሪው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ።

ቬንቲሌተር አለ ብሎ ውሻን ቆልፎ መሄድም አይቻልም። የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ፊውዝ ሊቃጠል ይችላል። እኛ ተራ ገባን። አንዱ ገበያ ሲሄድ ሌላው ጥላ ሥር ከነሱ ጋር ይቀራል። ሁለታችንም አብረን የገባንበት ሙዚየም የለም። ይህ የማይጥማችሁ ከሆነ የቫን ጉዞ ከውሻ ጋር አይሆናችሁም፤ ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

ሌላም ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈስ ወደ ወለል ነው የሚወርደው፤ ውሻ የሚተኛው ደግሞ ወለል ላይ ነው። ለዚህ ሲባል ወለሉ ላይ የጋዝ ማስወጫ ቀዳዳ ይደረጋል። የመቻልን ፍራሽ ልናነጥፍ ያሰብንበት ጥግ ላይ ነበር ያገኘነው። ፍራሹን ወደ በሩ ሳብነው። የጋዝ ጠርሙሱንም ማታ ማታ እንዘጋዋለን።

እርጥበት ሌላው ነው። ሁለት ሰውና ሁለት ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ ጠዋት መስታወቱ ውሃ ያወርዳል። ብርድ ቢሆንም የጣሪያውን ክዳን ጣት በሚያስገባ ክፍተት መተው ያስፈልጋል። ዝናብ የመታውን ውሻ ሽታ ግን ምንም አያስወጣው። ትለምዱታላችሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ።

ከኋላ በር በኩል ያለችው የውጭ ሻወር በጣም ጠቅማናለች። ከአልጋው ግርጌ ላስቲኳን ስቦ የውሻውን እግር ማጠብ ነው። ጭቃ አልጋ ላይ አልወጣም። ውሃው ግን ቶሎ ያልቃል። ለመጠጥ ብቻ ለያንዳንዱ ኪሎ በቀን ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ስለሚፈልጉ ለመቻል ወደ ሁለት ሊትር እንይዛለን፤ ሲሞቅ ከዚያም ይበልጣል። ከበሩ በላይ ያለችው መብራትም ደማቅ ስለሆነች ማታ መዥገር ፍለጋ ታገለግላለች። ጆሮ ውስጥ፣ ብብት ሥር፣ በጣቶቹ መካከል። ቡቺ ይህን መዳሰስ እንደ ጨዋታ ስለያዘችው በጀርባዋ ተንጋላ ነው የምትጠብቀው።

መኪናውን ስንመልስ ፀጉር ከተገኘ የጽዳት ክፍያ እንዳለ ውሉ ላይ ተጽፏል። እርጥብ የጎማ ጓንት አድርጋችሁ ወንበሩን አሻሹት፤ ፀጉሩ ተጠቅልሎ ይነሳል። አንድ ሳንቲም አልተቆረጠብንም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። የተቀነሰችው አንዷ ለባትሪው ናት። ለመወጣጫውም ግማሽ ልቀንስ አስቤ ተውኩት። ደረጃው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፍ ያለ። ወጣት ውሻ ዘሎ ይገባል። መቻልን ግን እኔ ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ ሆነን ነበር የምንጭነው፤ እሱም ጌታ ስለሆነ አልጠላውም። ያረጀ ውሻ ካላችሁ የሚታጠፍ መወጣጫ ጣውላ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የለንም ካሉ የራሳችሁን ያዙ፤ ከአልጋው ሥር ይገባል።