የአባዬ ማክ 1 እና የማርቲ ሪፖርት፦ ኪት ከመግዛታችሁ በፊት

አባታችሁ ድሮ የነዳትን መኪና በትንሽ ሞዴል መልክ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ መኪናዋም ፎርድ ከሆነች፣ የመጀመሪያውን ብር ለፕላስቲክ ኪት፣ ማለትም ተገጣጥሞ ለሚሠራው የሞዴል ዕቃ፣ አታውጡ። ለማርቲ ሪፖርት አውጡት። ኪቱ የትም አይሄድም፤ ሪፖርቱ ሳይኖር የተገዛ ኪት ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው መኪና ሆኖ ነው የሚያልቀው።

ማርቲ ሪፖርት ምንድን ነው ለምትሉ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኬቨን ማርቲ የሚባል አሜሪካዊ የፎርድን የድሮ የምርት መዝገብ ከራሱ ከፎርድ ፈቃድ አግኝቶ ይዞታል። ድርጅቱ ማርቲ ኦቶ ወርክስ ይባላል። መዝገቡ ከ1967 ሞዴል ይጀምራል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ሻንሲ ቁጥሩን ትሰጣላችሁ፣ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ምን ለብሳ፣ ምን ተገጥሞላት እንደነበር ይነግራችኋል። ቁጥሩ ሙሉ መሆን አለበት። «ቀይ ሙስታንግ ነበረች፣ እኔ ነኝ ያለች መኪና ነበረች» ተብሎ አይፈለግም።

የእኛ ጉዳይ የ1969 ፎርድ ሙስታንግ፣ ማክ 1 የሚባለው ዓይነቷ ናት። አባዬ አሜሪካ ተማሪ ሳለ ከሁለተኛ እጅ ገዝቶ፣ ጥቂት ነድቶ ሸጧታል። እኔ አልደረስኩባትም። የቀረን ጥቂት የደበዘዘ ፎቶ፣ አንድ የኢንሹራንስ ወረቀትና ማለቂያ የሌለው ወሬ ነው። ወሬውን ከሰማችሁት መኪናዋ መሬት አትነካም ነበር።

ፎቶ ብቻ እንኳ ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ዓመቱን ከፎቶ ማወቅ ይቻላል። አባዬ አንዳንዴ «69 ናት»፣ አንዳንዴ «70 ናት» ይላል። ፎቶው ላይ ግን ፊቷ አራት መብራት አለው፤ ሁለቱ ግሪሉ ውስጥ፣ ሁለቱ ከግሪሉ ውጪ ዳርና ዳር። በሙስታንግ ታሪክ እንዲህ ያለ አራት መብራት ይዛ የወጣችው የ69ኟ ናት፤ በ70 ወደ ሁለት ተመልሰዋል። ሌላም አለ። ከበሩ ጀርባ፣ የኋላው ፓራፋንጎ ላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች አየር ማስገቢያ የምትመስል ነገር አለች። የ69 ማክ 1 አላት፣ የ70ዋ የላትም። ስለዚህ የዓመቱ ክርክር በነፃ አለቀ።

ሻንሲ ቁጥሩን ያገኘነው ከኢንሹራንስ ወረቀቱ ላይ ነው። መኪናዋ ከተሸጠች ዘመን ካለፈ፣ ቁጥሩ የሚገኘው በእንደዚህ ዓይነት ወረቀት ነው፦ የኢንሹራንስ ካርድ፣ የባለቤትነት ወረቀት፣ የሽያጭ ውል፣ የጋራዥ ደረሰኝ። የድሮ ሰው ወረቀት አይጥልም። ዝም ብላችሁ የማይከፈተውን መሳቢያ ክፈቱ።

አሁን፣ ከመክፈላችሁ በፊት። ቁጥሩ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል፣ ለዚያ ለማንም መክፈል አያስፈልግም። በ1969 ሙስታንግ ላይ የመጀመሪያዋ 9 ዓመቱ ናት። ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ፋብሪካው ናት፤ ኤፍ ዲርቦርን፣ አር ሳን ሆዜ፣ ቲ ደግሞ ኒው ጀርሲ ያለው መታቸን። 02 ፋስትባክ፣ ጣሪያዋ እስከ ኋላ ቁልቁል የሚወርድ ቦዲ ማለት ነው። ከዚያ የሞተር ፊደል፣ መጨረሻ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ተራ ቁጥር።

የሞተር ፊደሏ ላይ ስንደርስ ቤቱ ተቀወጠ። አባዬ ዕድሜ ልኩን «428 ኮብራ ጄት ነበረች» ሲል ነው የኖረው፤ ኮብራ ጄት የሞተር ስም ነው፣ 428ም የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች። እንደዚያ ከሆነ ፊደሏ ኪው ወይም አር መሆን ነበረባት። የእኛ ኤች ናት። ኤች ማለት 351 ባለ ሁለት በርሜል ካርቡራተር፣ ፎርድ 250 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመዘገበው፣ የማክ 1 መነሻ ሞተር ነው። ኮብራ ጄቱ 335 ነበር። አባዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «የጻፈው ሰው ተሳስቶ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ሪፖርቱን ካዘዝኩበት ምክንያት ግማሹ ይሄ ክርክር ነው።

ሪፖርቱ በሦስት ደረጃ ይሸጣል፦ ስታንዳርድ፣ ዴሉክስና ኤሊት። ኤሊቱ እንደ እሷ ያለች ስንት መኪና እንደተሠራ የሚገልጽ ቁጥርና ስትሸጥ መስታወቷ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት ቅጂ ጨምሮ የሚመጣ፣ ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚያምር ነገር ነው። መኪናዋ በእጁ ላለ፣ ለሽያጭ ለሚያዘጋጃትም ሰው ትርጉም አለው። ለሞዴል ሠሪ ግን ዴሉክሱ ይበቃል፣ እኔም እሱን ነው የወሰድኩት። የቀለሙን፣ የውስጥ ልባሱን፣ የሞተሩን፣ የካምቢዮውን፣ ተጨማሪ የታዘዙ ዕቃዎችን ዝርዝርና የተሠራችበትን ቀን ይዟል። የዲፈረንሻል ጥርስ ልኳ ሳይቀር አለበት፣ ለሞዴል ምንም አይጠቅምም እንጂ።

ዋናው ጥቅም ቀለሙ ላይ ነው። ሻንሲ ቁጥሩ ቀለም አይናገርም። ቀለሙ የተጻፈው በሹፌሩ በር ላይ ባለችው ሰሌዳ ነበር፣ እሷ ደግሞ ከመኪናዋ ጋር ሄዳለች። «ቀይ ናት» ማለት ቀላል ነው። ፎርድ ግን በዚያ ዓመት ካንዲ አፕል ሬድ ነበረው፣ ኢንዲያን ፋየር ሬድ ነበረው፣ ጠቆር ያለ ሮያል ማሩንም ነበረው። የደበዘዘ ፎቶ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ እስቲ። ፎቶው ራሱ በጊዜ ብዛት ወደ ብርቱካን አድልቷል። ሪፖርቱ ኮድ ቲ፣ ካንዲ አፕል ሬድ አለ፣ አለቀ። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ ስሙ እንዳያታልላችሁ። የሞዴል ቀለም መደብር ገብታችሁ «ካንዲ» የሚል ብልቃጥ ካነሳችሁ የሚደርሳችሁ ከብር ቀለም በላይ የሚረጭ አሳላፊ ቀይ ነው። የፎርዱ ካንዲ አፕል ሬድ ብልጭልጭ የሌለው ደፍን ቀይ ነው።

ቀጥሎ የዕቃው ዝርዝር። ይሄ ክፍል ለመኪና ሰው ተራ ነገር ነው፣ ለሞዴል ሠሪ ግን ወርቅ ነው። ኤሲ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ኮፈኑ ሥር ኮምፕሬሰሩን አትለጥፉም። ፓወር ስቲሪንግ ካለ ፓምፑና ቀበቶው መኖር አለባቸው። ታኮሜትር ታዝዞ ከሆነ የዳሽቦርዱ ሰዓቶች አቀማመጥ ይቀየራል። የሚታጠፍ የኋላ ወንበር ካለ የኋላው ክፍል ሌላ ቅርጽ ይይዛል። በ69 ብቻ 72,458 ማክ 1 ስለተሠራ፣ ማክ 1 መሆኗ ብቻዋን የአባታችሁ መኪና አያደርጋትም። የእሱ የሚያደርጋት እንዲህ እንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው።

ሪፖርቱ የማይመልሰው ነገርም አለ፣ ይሄን አውቃችሁ ግዙ። የሚነግራችሁ ከፋብሪካ ስለወጣችው መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደቀየረባት አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። አባዬ የገዛት ከሌላ ሰው ነው፣ ፎቶው ላይ ያሉት ቸርኬዎች ደግሞ የፎርድ አይደሉም። አምስት ክንድ ያላቸው ኒኬል ክራገር ኤስ ኤስ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ግማሹ ጎረምሳ የሚገጥማቸው። የመጀመሪያው ባለቤት የለወጣቸው መሆን አለበት። ስለዚህ ሪፖርትና ፎቶ ሲጋጩ የትኛውን እንደምትሠሩ ቁርጡን አውቃችሁ ተነሱ። እኔ ለቀለምና ለሞተር ሪፖርቱን፣ ከውጪ ለሚታየው ፎቶውን አምናለሁ ብዬ ወስኛለሁ። አባዬ የነዳት እሷን ነዋ፤ የፋብሪካዋን የነዳት ሌላ ሰው ነው።

ወደ ኪቱ እንምጣ። የአምራቹን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም የምለው ሁሉ ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ስኬሉን፣ ሞዴሉ ከእውነተኛዋ መኪና ስንት እጅ እንዳነሰ፣ እዩ። የአሜሪካ መኪና ኪት በ1/24ም በ1/25ም ይወጣል፣ ሰው ደግሞ «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። እውነተኛዋ መኪና ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 108 ኢንች ናት። በ1/25 ይሄ 109.7 ሚሊሜትር ይሆናል፣ በ1/24 ደግሞ 114.3። ከአንዱ ኪት ቸርኬ፣ ከሌላው ሞተር እያላችሁ ልታገጣጥሙ ካሰባችሁ በአንዱ ስኬል ጽኑ። የእኔው 1/25 ነው፣ በካሊፐር ስለካው ልኩን ጠብቋል። የቦዲው ቅርጽ ቆንጆ ነው፣ የጣሪያው ቁልቁለት በተለይ። መስታወቶቹም ጥርት ያሉ ናቸው። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ችግሩ ኪቱ አንድ ማክ 1 ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ያችን ሁሉም ሰው የሚመኛትን። ኮፈኑ ለሼከር ተቀዶ ነው የመጣው። ሼከር ከሞተሩ ጋር የታሰረች፣ በኮፈኑ ቀዳዳ ብቅ የምትል የአየር ማስገቢያ ናት፤ በ69 በዋናነት የምትታወቀው ከ428ቱ ጋር ነው። የእኛ ባለ 351 ዋ መኪና ኮፈኗ ላይ የተገጠመች የጌጥ ስኩፕ፣ አየር ማስገቢያ የምትመስል ጉብታ፣ ነው ያላት። ስለዚህ ቀዳዳውን በቀጭን ፕላስቲክ ከሥር ደፍኜ፣ ከላይ በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ነበረብኝ። ስኩፗን ከፕላስቲክ ቁራጭ ሠራኋት። ኮፈኑ ድፍን ጥቁር፣ የማያበራ ቀለም ስለሚቀባ ትንሽ ጉድለት ቢኖርም ይሸፍንላችኋል፣ ይሄ የማክ 1 ደግነት ነው።

ሞተሩ ግን ምንም አይሸፍነውም። «ማጣሪያውን ቀይሬ፣ ቁጥሩን አጥፍቼ 351 ነው እላለሁ» የሚል ካለ አይሆንም። 428ቱ የፎርድ ኤፍ ኢ ቤተሰብ ነው፤ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየርና ነዳጁን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ሰፊ ስለሆነ የቫልቭ ክዳኖቹ ግማሽ አካላቸው እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ከላይ ሲታይ መልኩ ፈጽሞ ሌላ ነው። የእኛው 351፣ ዊንዘር የሚባለው፣ ከትንንሾቹ ቪ8ዎች ወገን ነው፣ በዚያው በ69 ነው የወጣው። እኔ የዚያው ወገን የሆነውን የ302 ሞተር ከሌላ ኪት አመጣሁ። 351ዱ ከ302 ጋር ቢመሳሰልም ብሎኩ ወደ 1.3 ኢንች ገደማ ከፍ ይላል፣ በ1/25 ሲሰላ 1.3 ሚሊሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። ከሲሊንደር ራሱ ሥር ስስ ፕላስቲክ ደርባችሁ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ። ከፍ ሲል ማኒፎልዱ መሃል ላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ እሱንም መሙላት ነው። ማን ያየዋል ትሉ ይሆናል። እኔ አየዋለሁ። ቀለሙ የፎርድ ሰማያዊ ነው፣ እዚያ ላይ ጭቅጭቅ የለም።

የጭስ ማውጫውም እንደዚሁ። ኪቱ ከኋላ አራት ኒኬል አፎች ይሰጣል፤ እነሱ ባለ አራት በርሜል ካርቡራተር ካላቸው ሞተሮች ጋር የሚመጡ ናቸው። ባለ ሁለት በርሜሏ አልነበራትም። የኋላ ፎቶ ስለሌለን እዚህ ላይ የሪፖርቱን ሞተር ተከትዬ አራቱንም ትቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር መኪናችሁ ፎርድ ላልሆነችባችሁ። ፖንቲያክ ከሆነች ፒኤችኤስ የሚባለው አገልግሎት የፋብሪካውን ደረሰኝ ቅጂ ይሰጣል፣ እሱም ስሙ ጥሩ ነው። ዶጅና ፕሊመዝ ከሆነች ነገሩ ኮፈኗ ሥር ባለችው የብረት መለያ ሰሌዳና ወንበር ሥር በሚገኘው የፋብሪካ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ መኪናዋ ከሌለች ከባድ ነው። ሸቭሮሌት ላይ ደግሞ ካናዳ ውስጥ የተሸጠች ከሆነች ጂኤም ካናዳ መዝገብ አለው፤ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠች እንደ ማርቲ ያለ ነገር አትጠብቁ፣ ፎቶና ደረሰኝ ላይ በርቱ።

የኪቱ ዲካል (ተለጣፊ ጽሑፍ) ላይ «428 ኮብራ ጄት» የሚል አለ። አባዬ ሪፖርቱን ካነበበ በኋላም «ለጥፈው፣ ማን ያውቃል» ብሎኛል። አልለጥፍም።