ኤስኤስዲው ጠፋ፦ ባዮስ ይቅደም ወይስ ብሎን መፍቻ?

ኮምፒውተሩ ኤስኤስዲውን (ፋይል የሚቀመጥበትን ፈጣን ዲስክ) አላይ ሲል ወይ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ማየት ነው፣ ወይ ከፍቶ ነቅሎ መሰካት። እኔ ባዮስን አስቀድማለሁ። ብሎን አያስፈታም፣ ችግሩ የት እንዳለም ይጠቁማል። ስሙ እዚያ ከታየ መፍቻውን አስቀምጡት። አዲስ ዲስክ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ «ዲስክ ማኔጅመንት» ገብቶ ማዘጋጀት ሊበቃ ይችላል። ዊንዶውስ ሲጫን ብቻ ከጠፋ ደግሞ የኢንቴል ቪኤምዲ ድራይቨር (በአንዳንድ የኢንቴል ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ዲስኩን እንዲያይ የሚያስችል ሶፍትዌር) ጎድሎ ይሆናል።

ባዮስም ካላየው ግን ወደ መክፈቱ እለፉ። መጀመሪያ አጥፉት፣ የኃይል ገመዱን ንቀሉ። ኤም.2 (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ቀጭኑ ዓይነት) ከሆነ መሰኪያ ጫፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ቦታ የተሸረፈ ከሆነ ሳታ (የቆየው፣ ዘገም ያለው የዲስክ ዓይነት) ሊሆን ይችላል። ኤንቪኤምኢ (አዲሱን ፈጣን ዓይነት) ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን አይታይም (ሲያናድድ!)። ያኔ መቶ ጊዜ ነቅሎ መሰካት ትርፉ ድካም ነው።