አንድ ወጥ ወይስ ጃኬትና ሱሪ? የሞተር እሽቅድምድም ቆዳ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት

ክረምቱ እንደወጣ ሰሞን ፒያሳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ የተቀደደ ጃኬቴን ይዤ ሄድኩ። ቁልቁለት ላይ አሸዋ አንሸራቶኝ ወድቄ ነበር። ፍጥነቴ ከ40 አይበልጥም። ጋሼ እጅጌውን ገለበጡና ክርኑ ላይ ያለውን ስፌት በጥፍራቸው ፈለቀቁት። «ልጄ፣ ይሄ የበግ ቆዳ ነው፤ ለመዘነጫ ነው። ስፌቱም አንድ መስመር ብቻ» አሉኝ። የሸጠልኝ ሰው ግን «የሞተር ጃኬት» ብሎ ነበር የሸጠልኝ።

ከዚያ ወዲህ የቆዳ ልብስ ሳይ መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። ትልልቅ ሞተር ይዘው ትራክ፣ ማለትም የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ መንዳት የሚያምራቸው ጓደኞቼ የትኛውን እንግዛ ሲሉኝም ወሬዬን የምጀምረው ከስፌቱ ነው።

መጀመሪያ ግን ትልቁን ጥያቄ እንጨርስ። አንድ ወጥ የሚባለው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሳይቆረጥ የተሰፋው ነው። ሌላው ጃኬትና ሱሪው ተለያይቶ ወገብ ላይ በዚፕ የሚያያዘው ነው። ልዩነቱ የሚታየው ስትወድቁ ነው። አስፋልት ላይ ስትንሸራተቱ ጃኬት ወደ ብብት ይሰበሰባል፤ ወገብና ጀርባ ይራቆታል። አንድ ወጥ ላይ የሚሰበሰብ ነገር የለም። ስለዚህ ለትራክ ብቻ ከሆነ የምትገዙት፣ ብዙ አታስቡ፤ አንድ ወጡን ውሰዱ።

ከተማ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ ሞተራችሁን አቁማችሁ ማኪያቶ ልትጠጡ ስትገቡ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ማንጠልጠል ትልቅ እፎይታ ነው። በአንድ ወጥ መጸዳጃ ቤት መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዱን ልብስ ለሁለቱም የምትፈልጉ ከሆነ ጃኬትና ሱሪው ይሻላል። ግን ዚፑን በደንብ እዩት። ወገቡን ሙሉ የሚዞር መሆን አለበት። ከኋላ አንድ ስንዝር ብቻ የሆነ ዚፕ ስትወድቁ ጎንና ሆዳችሁን አይሸፍንም። ብዙ ትራኮችም ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ካልተያያዙ አያስገቡም።

ወደ ቆዳው ስንመጣ፣ የእኛ አገር የበግ ቆዳ ለጓንት የሚሆን ምርጥ ቆዳ ነው፤ ልስላሴውን ዓለም ያውቀዋል። ለእሽቅድምድም ልብስ ግን ስስ ነው። የተለመደው ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። የካንጋሮ ቆዳ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩ ስለሆኑ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆኖም ጠንካራ ነው፤ ቀላልም ነው። ዋጋው ግን በጣም ይጨምራል። ሰከንድ ለማትቆጥሩ ሰዎች የከብቱ ይበቃል ባይ ነኝ።

አሁን ልብሱን ገልብጡት። ክርን፣ ትከሻ፣ መቀመጫና ጉልበት ላይ ስፌቱ ሁለት ወይም ሦስት መስመር መሆኑን ቁጠሩ። ቢያንስ አንዱ መስመር ከውስጥ የተደበቀ መሆን አለበት፤ የላዩ ክር አስፋልት ሲነካው ወዲያው ይበላል፣ የተደበቀው ግን ይይዛል። መሬት ቀድሞ የሚነካው ቦታ ላይ ስፌት የሌለበት ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

ውስጥ የተሰፋውን ምልክትም ፈልጉ። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 17092 ይባላል። ሦስት ኤ (AAA)፣ ሁለት ኤ (AA) እና አንድ ኤ (A) አለው። ሦስት ኤው ላብራቶሪ ውስጥ በብዛት የሚጎዳው ክፍል በ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ሸካራ ኮንክሪት ላይ ተለቆ የሚፈተነው ነው። ሁለት ኤው በ70፣ አንድ ኤው በ45 ነው። ለትራክ ሦስት ኤ ብቻ። ከተማ ውስጥ ሁለት ኤ አያሳፍርም። ቢ (B) የሚል ደረጃም አለ፤ እሱ ፓድ፣ ማለትም ክርንና ትከሻን የመሰለ ቦታ ላይ ምት የሚያበርደው ትራስ የለውም፤ ከእሱ ራቁ።

ፓዱ የራሱ ደረጃ አለው፤ ላዩ ላይ የሚጻፈው ኢኤን 1621 ነው። ደረጃ 2 ከደረጃ 1 ይሻላል። የትከሻና የክርኑ ደረጃ 1 ሲመታ በአማካይ እስከ 35 ኪሎ ኒውተን ኃይል ወደ ሰውነት ያሳልፋል፤ ደረጃ 2 ግን ከ20 አይበልጥም። ጀርባውን በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ብዙ ልብስ ጀርባው ላይ ተራ ስፖንጅ ብቻ ይዞ ይሸጣል፤ የጀርባ ፓዱን ለብቻው ትገዛላችሁ። ኤርባግ ያለው፣ ስትወድቁ በአየር የሚነፋ ልብስም አለ። ሞቶጂፒ በሚባለው የዓለም ትልቁ የሞተር እሽቅድምድም ላይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። አቅሙ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ከሌላችሁ ግን ለእሱ ብላችሁ ቆዳና ስፌት ላይ እንዳትቆጥቡ።

ልክ ስትሞክሩ ቆማችሁ አትፍረዱ። ወንበር አዙራችሁ እንደ ሞተር ተቀመጡበት፤ ደረታችሁን አጎንብሱ፤ እጃችሁን ዘርጉ። ጥሩ የእሽቅድምድም ልብስ ስትቆሙ ይጨንቃል፣ ስታጎነብሱ ይመቻል። እጅጌውና ጉልበቱ ታጥፎ ነው የተሰፋው። በአውሮፓ ቁጥር 50 ማለት ደረት 100 ሴንቲ ሜትር ነው። ቆዳ ትንሽ ይለቃል፤ ሰፊ ልብስ ግን ስትወድቁ ፓዱን ከክርናችሁ ላይ ያንሸራትተዋል።

ሰልባጅ ያገኛችሁ እንደሆነ የወደቀ ልብስ አለመሆኑን ብርሃን ላይ አንስታችሁ እዩት። ክረምት ላይ ከራሰ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ፍም አጠገብ አታስጠጉት፣ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል።

አገር ውስጥ ማሰፋትስ? ነገሩ ሩቅ አይደለም። የእንግሊዙ የሞተር ተወዳዳሪ ጆፍ ዱክ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ነፋሱ እንዳይዘው ብሎ አንድ ወጥ የቆዳ ልብስ ሲለብስ ያሰፋው በአንድ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ግን ሙሉ ልብስ እዚህ አላሰፋም። የከብት ቆዳውና ክሩ መፈተኑን የሚነግረኝ ምልክት ያስፈልገኛል።

በመጨረሻ ሙሉ ዚፕ ያለው ጃኬትና ሱሪ ገዛሁ፤ የከብት ቆዳ፣ ሁለት ኤ። ወገቡ ትንሽ ሰፋኝ። እኚያው ጋሼ ዘንድ ወሰድኩትና ክርኑንም ጠበብ እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኳቸው። ወገቡን አጠበቡልኝ። ክርኑን ግን «እሱን አልነካም» ብለው መለሱልኝ።