ኬ-ዋይ ጄሊ፦ ካረጡ በኋላ ላለ መኝታ ይበቃል?

ለባል ሲልደናፊል (ቪያግራ የሚባለው የብልት ማቆሚያ ክኒን) ተገዝቶ ለሚስት ምንም ሳይታሰብ ሲቀር ትርፉ ብዙ ጊዜ ሕመም ነው። ሴት ካረጠች በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ የብልት ግድግዳ ይሳሳል፣ እርጥበቱም ይጎድላል፤ ፍቅር አልቆ አይደለም። ከክኒኑ እኩል መገዛት ያለበት ማለስለሻ ጄል ነው። ከሁሉም ስሙ የገነነው ኬ-ዋይ ጄሊ እ.ኤ.አ. በ1904 ሲወጣ የታሰበው ለሐኪም መሣሪያ እንጂ ለመኝታ ቤት አልነበረም። ዛሬም ያስታውቅበታል።

በውሃ የተሠራ በመሆኑ ከአንሶላ ቶሎ ይለቃል፣ የላቴክስ ኮንዶምም አይጎዳም። ቫዝሊን፣ ቅቤና የኮኮናት ዘይት ግን ኮንዶሙን ያስቀድዳሉ።

ችግሩ መድረቁ ነው። ጠብታ ጄል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርገው ይሹት፤ መጀመሪያ ያንሸራትታል፣ ትንሽ ቆይቶ ይይዛል፣ ጣትዎን ሲያላቅቁ እንደ ተልባ ልጋግ ይጎተታል። ውሃው ተንኖ ማወፈሪያውና ግሊሰሪኑ ስለቀሩ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሌላ ጄል ይደርብበታል፤ የባሰ ይጣበቃል። ጣት ውሃ ነክሮ ማርጠብ ይበቃል፣ ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከራስጌ ይቀመጥ።

መጠኑ ለመነሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው። መዳፍ ላይ ይሙቅ፣ ከዚያ ሁለቱም ይቀቡ፤ እሷ በመግቢያውና ትንሽ ወደ ውስጥ። ጄሉ መደባበስን አይተካም፤ ሰውነት በዚህ ዕድሜ ጊዜ ይፈልጋል።

ግሊሰሪን ሲበዛ ከሳሳው ቆዳ ውሃ ይስባል፣ ያቃጥላልም። የዓለም ጤና ድርጅት የማለስለሻ ኦስሞላሊቲ፣ ማለትም በውስጡ የሟሟው ነገር ብዛት፣ ቢቻል ከ380፣ ካልሆነም ከ1200 ሚሊኦስሞል በኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቁጥሩ ማሸጊያ ላይ እምብዛም ስለማይጻፍ ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል ከዝርዝሩ አናት ላይ ካለ ሌላ ይጠይቁ። ክሎርሄክሲዲን ያለበትን ደግሞ ይተዉት፤ ተዋስያን መግደያ ስለሆነ ጠቃሚዎቹንም አይምርም።

ሲሊከን ጄል አይደርቅም፣ ለረጅም ጊዜ ይሻላል። የሚለቀው በሳሙና ነው፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ከፈሰሰ ግን ጉልበቱ ለደከመ ሰው አደጋ ነው።

ፍርዳችን፦ ኬ-ዋይ ለመሞከሪያና አልፎ አልፎ ለሚገናኙ ይሆናል። ድርቀቱ ቀን ቀንም የሚያሳክክ ከሆነ ግን ማለስለሻ አይፈታውም፤ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ የሚደረግ የብልት ማርጠቢያ፣ ካልሆነም ሐኪም የሚያዘው አነስተኛ መጠን ያለው የኤስትሮጅን ክሬም ያስፈልጋል። ካረጡ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ቢታይ ጄል መቀያየሩን ትቶ መመርመር ነው። ባልም ለልቡ ናይትሬት የሚወስድ ከሆነ ሲልደናፊሉን አይንካው፤ ሁለቱ ተደርበው ደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ።