«ረን» ሩጫ ብቻ አይደለም፦ ሦስት ዓመት አብሮኝ የሠራ መዝገበ ቃላት

ይህን መዝገበ ቃላት የገዛሁት በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ቃሉ የእንግሊዝኛው «ረን» (run) ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሆም ኬር ሠራተኛ ነኝ። አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ አስታምማለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ የማስታምማቸው እናት ልጅ አዲስ የቫይታሚን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች። ልስጣቸው ወይስ ልተው ብዬ ለሱፐርቫይዘሬ ደወልኩ። «ረን ኢት ባይ ዘ ነርስ ፈርስት» አለችና ስልኩን ዘጋች።

እኔ የያዝኩት ሁለት ቃል ነው፤ ሩጪና ነርስ። ነርሷ ያለችበት ክሊኒክ በአውቶቡስ 40 ደቂቃ ይርቃል። እኚህን ሴት ደግሞ ብቻቸውን ጥሎ መውጣት ክልክል ነው። በስልኬ ያለው ተርጓሚም «በነርሷ በኩል ሩጪው» አለኝ። ጠርሙሱን እንደያዝኩ መሀል ወለል ላይ ቆምኩ። ልቤ ይመታ ነበር፤ የመድኃኒት ነገር ነዋ! በመጨረሻ ነርሷ ጋ ደውዬ የተባልኩትን ቃል በቃል ነገርኳት። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «ከመስጠትሽ በፊት ነርሷን አማክሪ» ማለት ነው። ሩጫ የሚባል ነገር የለበትም። ቫይታሚኑም ከደም ማቅጠኛቸው ጋር ስለማይሄድ እንዳልሰጣቸው ነገረችኝ።

በዚያው ሳምንት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያገለገሉ መጻሕፍት ሲሸጥ ሄድኩ። ሎንግማን የኮንቴምፖራሪ ኢንግሊሽ መዝገበ ቃላት የሚባለውን በ7 ዶላር ገዛሁ። ሽፋኑ ጥጉ ላይ ታጥፏል፣ ውስጡ ግን ንጹሕ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው።

ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት የኪስ መዝገበ ቃላት ለ«ረን» የሚሰጠኝ አንድ ቃል ነበር፦ ሮጠ። ውሸት አይደለም። ግን ያን አንድ ቃል ይዤ ሰው ቤት ስገባ ምንም አልጠቀመኝም። ይሄኛው አማርኛ የሚባል ነገር የለውም፤ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ ነው የሚፈታው። ይህ መጀመሪያ አስፈርቶኝ ነበር። ቃል ሳልችል በቃል እንዴት ይፈታልኛል ብዬ ነዋ። በኋላ ገባኝ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ጀምሮ ፍቺዎቹን የሚጽፈው ወደ 2000 በሚጠጉ ቀላል ቃላት ብቻ ነው። እነዚያን ከያዝክ ሌላውን ሁሉ መረዳት ትችላለህ። እኔ አብዛኛዎቹን ከትምህርት ቤት አውቃቸው ነበር።

«ረን»ን ስገልጥ ዓምዱ አላልቅ አለ። ደግነቱ እንዲሁ ተዘርግፎ አይደለም የተቀመጠው። እያንዳንዱ ፍቺ መግቢያ ላይ አጭር መሪ ቃል አለ፤ ይሄኛው ስለ ምርጫ ነው፣ ይሄኛው ስለ አውቶቡስ ነው፣ ይሄ ስለ ማሽን ነው እያለ ይመራሃል። የፈለግከውን እስክታገኝ በዓይንህ ትወርዳለህ። ከሥር ደግሞ ከሌላ ትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር የሚሆነው ለብቻው አለ። የኔ «ረን ባይ» እዚያ ነበረች፣ ከነምሳሌዋ። ሳያት የድሮ ጓደኛዬን ያገኘሁ ያህል ነው የተደሰትኩት።

ለኔ ትልቁ ነገር ምሳሌዎቹ ናቸው። ፍቺውን አንብቤ ያልገባኝ በምሳሌው ይገባኛል። ቃሉ ከነጎረቤቱ ስለሚመጣ ነው። የኔን ሥራ አንድ ጠዋት እንዲህ አስቡት። እማማ (እንዲህ ነው የምጠራቸው፤ ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደውታል) ከእንቅልፋቸው ሲነሱ አፍንጫቸው «ረን» ያደርጋል፤ ንፍጥ ይወርዳቸዋል ማለት ነው። ገንዳውን «ረን» አድርጊልኝ ካሉ፣ ውሃ ሙዪልኝ ነው። ስቶኪንጋቸው ላይ «ረን» ካለ፣ ክሩ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። ቀዩን ሹራብ ከነጩ ጋር ካጠብኩት ቀለሙ «ረን» ያደርጋል፤ ይለቃል። ኪኒናቸው «ረን አውት» ካደረገ አልቋል፤ ቶሎ ፋርማሲ መደወል አለብኝ። ትኩሳት «ረን» ካደረጉ ትኩሳት አላቸው፣ እሱንም ጽፌ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ሐኪሙ ስኳር በቤተሰቡ ውስጥ «ረን» ያደርጋል ወይ ካለ፣ በዘር ይወርዳል ወይ እያለ ነው። ምርመራ «ረን» እናደርጋለን ካለ ደም ሊወስድ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በእግሩ የሮጠ ሰው የለም።

እያንዳንዷን ሳገኝ ዳር ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ገጹ አሁን በእርሳስ ተሞልቷል።

ሌላው የወደድኩት፣ በቀይ የታተሙት ቃላት ናቸው። በብዛት የሚነገሩትና የሚጻፉት ማለት ነው። ኤስ 1 የሚል ምልክት ካለ ቃሉ በንግግር ከተዘወተሩት 1000 ቃላት አንዱ ነው፤ ደብልዩ 1 ደግሞ በጽሑፍ። ጊዜ ለሌለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከሁለት ሺፍት በኋላ ደክሞኝ ስገባ፣ ቀይ ያልሆነውን ዘልዬ እተኛለሁ።

ከሥራ ቦርሳ ጋር የሚሸከሙት መጽሐፍ ግን አይደለም፤ ይከብዳል። ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው ቦታው። በሥራ ሰዓት የድረ ገጹን እጠቀማለሁ፤ ነጻ ነው፣ ቃሉንም በእንግሊዝና በአሜሪካ አነጋገር ያሰማል። እንግሊዝኛ ገና ከፊደል ለሚጀምር ሰው ደግሞ አልመክረውም። እንደዚያ ላለ ሰው መጀመሪያ አማርኛ ያለበት ይሻለዋል። አባቴ ቤት የአምሳሉ አክሊሉ መዝገበ ቃላት ነበር፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ነው ማለት እችላለሁ። አማርኛውንና ምሳሌውን አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው የቋንቋ ምሁሩ ዎልፍ ሌስላው ያዘጋጀውንና እ.ኤ.አ. በ1973 ጀርመን፣ ቪስባደን የታተመውን ቢፈልግ ደስ ይለኛል። እሱ የእንግሊዝኛውን ቃል በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ይመልሰዋል። ዛሬ እንዲያ ያለ መጽሐፍ በዘመኑ አነጋገር፣ ከስልክና ከሆስፒታል ቃላት ጋር ተዘጋጅቶ ቢወጣ መጀመሪያ የምገዛው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ሳነብ ግን ትንሽ ተጽናናሁ። ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ካዘጋጁት አንዱ፣ ፒተር ጊሊቨር፣ ይህንኑ «ረን»ን ለማዘጋጀት ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። በግሥነቱ ብቻ 645 ፍቺ ነው የተገኘለት። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው በ20 ጥራዙ እትም ረጅሙን ማብራሪያ የያዘው ቃል የእንግሊዝኛው «ሴት» (set) ነበር፤ ማስቀመጥ የሚለው ግሥ። በኋላ «ረን» በለጠው፤ ባቡርና ማሽን፣ በኋላም ኮምፒውተር ሲመጡ ሁሉም «ረን» ማድረግ ጀመሩ። ለሊቁ ዘጠኝ ወር ከፈጀበት፣ ለኔ ሦስት ዓመት ቢፈጅብኝ ምን ይገርማል?

እዚሁ የተወለደች የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። አንድ ቀን «ጉንፋን ያዘኝ» ስላት፣ «እማዬ፣ ጉንፋን እጅ አለው?» አለችኝ። ያኔ ነው ወደራሴ ቋንቋ የዞርኩት። ባዶ ደብተር ሰጠኋትና «ያዘ» ብለን ከላይ ጻፍን። እንደ ሎንግማን መሪ ቃል እያደረግን፣ ከሥሩ ምሳሌ። በሽታ፦ ጉንፋን ያዘኝ። መንገድ፦ ታክሲ ያዝኩ። ፖሊስ፦ ሌባው ተያዘ። ስልክ፦ መስመሩ ተይዟል። ዕቃ፦ ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። ሥራ፦ ሥራ ይዣለሁ፣ በኋላ ደውዪ። ወሊድ፦ ምጥ ያዛት። ልብ፦ ቂም ያዘ። ዝናብ፦ ዝናብ ያዘን። በየቀኑ አንድ ይጨመራል። ከአያቷ ጋር በስልክ ስታወራ ደብተሩን አጠገቧ ታስቀምጣለች፤ አዲስ ከሰማች «ቆይ አያቴ» ብላ ትጽፋለች። ባለፈው «ወረፋ ያዥልኝ»ን ያገኘችው ከእናቴ ነው።

ይህን ለእማማ ነገርኳቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ፤ የቃል ነገር ይወዳሉ። ደብተሩን ካላመጣሽ ብለው ያዙኝ። አምጥቼ አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው፤ እሳቸው በበኩላቸው «ረን» ላይ እኔ ያላገኘኋቸውን ሦስት ነገሩኝ፣ መጽሐፉ ላይ አብረን ፈልገን ሁሉንም አገኘናቸው። አሁን ጠዋት የቡና ኩባያቸውን ሲመልሱልኝ «ያዢ» ይሉኛል።