ታጣፊው የባቡር መሳፈሪያ ራምፕ፦ ማንን ያሳፍራል፣ ማንን ያስቀራል?

በከተማ ባቡር ጣቢያዎች ግድግዳ ተደግፎ ወይም ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚገኘው ታጣፊ የአልሙኒየም ራምፕ፣ በዊልቸር የሚሄድን ሰው ከፕላትፎርም ወደ ባቡር ለማሳለፍ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ግንባታ አይፈልግም፣ ጣቢያ አያዘጋም፣ ተገዝቶ በመጣ ማግስት ሥራ ይጀምራል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ባቡሩ በየሩብ ሰዓቱ ለሚመጣበትና ሠራተኛ ለማይጠፋበት ጣቢያ ጥሩ ዕቃ ነው፤ በየ2 ደቂቃው ለሚመላለስ ሜትሮ ግን አይሆንም። ሜትሮ አንድ ጣቢያ ላይ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ራምፑን አውጥቶ፣ ዘርግቶ፣ ሰው አሳልፎ፣ አጥፎ መመለስ ደግሞ በሠለጠነ እጅም ቢሆን ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ርዝመት ላይ ነው። መነሻው ከፕላትፎርሙ እስከ ባቡሩ ወለል ያለው ከፍታ ነው። ከፍታው 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለሕንጻ መግቢያ የተለመደው የ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት) 1.8 ሜትር ራምፕ ይጠይቃል፤ 1 ለ8 ከሆነ 1.2 ሜትር ይበቃል። የአውሮፓ የባቡር ተደራሽነት ደንብ ለራምፕ እስከ 18 በመቶ ተዳፋት ስለሚፈቅድ፣ በእሱ ሒሳብ 84 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያህላል። ደንቡ ፈቀደ ማለት ግን ሰው ብቻውን ይወጣዋል ማለት አይደለም። 18 በመቶ ላይ ጎማውን በእጁ የሚያሽከረክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው የሚገፋ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ረጅሙን መግዛት ነዋ! እንዳይባል ደግሞ የፕላትፎርሙ ስፋት አለ። ዊልቸር ለመዞር 1.5 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። በ1.8 ሜትሩ ራምፕ ላይ ሲደመር 3.3 ሜትር ነው። ፕላትፎርሙ 3 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከበሩ ፊት ለፊት ምሰሶ ወይም አግዳሚ ወንበር ካለ፣ ተሳፋሪው ከራምፑ ግርጌ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። በአግድም ሲገባ አንደኛው ጎማ ቀድሞ ራምፑ ላይ ይወጣል፣ ወንበሩም ወደ ጎን ያዘነብላል። ለጠባብ ፕላትፎርም የ1.2 ሜትሩን መርጦ ረዳት መመደብ ይሻላል። በካታሎግ ላይ የሚጻፈው ርዝመት ብዙውን ጊዜ የላይኛውንና የታችኛውን ከንፈር (ባቡሩና ፕላትፎርሙ ላይ የሚያርፉትን ጫፎች) ጨምሮ ስለሆነ፣ ሒሳቡን ስትሠሩ እነሱን ቀንሱ።

ከፍታውን አንዴ ለክቶ መተውም አያዋጣም፤ የባቡር ወለል ባለበት አይቆይም። አዲስ ሲሆን 840 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የብረት ጎማ፣ በቶርኖ እየተላጠ እስከ 770 ሊወርድ ይችላል። ከሥር ማካካሻ ካልገባለት ወለሉ 35 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ባረጀ ጎማ ላይ 11.5 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ የተገዛ የ1.2 ሜትር ራምፕ፣ ጎማው ሲቀየር ተዳፋቱ ከ9.6 ወደ 12.5 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ ልኬቱ አዲስ ጎማ በገባለትና ሰው ባልሞላበት ባቡር ላይ ይሠራ፤ ወለሉ ከፍ የሚለው ያን ጊዜ ነው።

ጥንካሬን በተመለከተ የአውሮፓው ደንብ 300 ኪሎ የሚችልና ቢያንስ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ራምፕ ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ ባለቤቱና ከኋላው የሚረዳው ሰው ሲጨመሩበት ቁጥሩ የተጋነነ አይደለም። በገበያ ላይ በጣም በርካሽ የሚገኙት ባለ ሁለት ሀዲድ ራምፖች (ለግራና ለቀኝ ጎማ ለየብቻ የሚዘረጉት) ለባቡር ጨርሶ መገዛት የለባቸውም። ባለ ሦስት ጎማ ስኩተር አያልፍባቸውም፤ የሚገፋውም ሰው የሚረግጠው ወለል አያገኝም።

አሁን ጠጋ ብለን የላይኛውን ከንፈር እንየው። ጥሩ ራምፕ ከከንፈሩ ሥር ሁለት ወፋፍራም ፒኖች አሉት፤ እነሱ በባቡሩ በር ደፍ ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባሉ። ፒን የሌለው ራምፕ ደፉ ላይ በክብደቱ ብቻ ነው የሚያርፈው። በእጅ የሚገፋ ዊልቸር ሲያልፍበት ችግሩ አይታይም። የኤሌክትሪኩ ሲመጣ ግን የሚነዱት ጎማዎች ወደ ፊት ሲሄዱ ራምፑን ወደ ኋላ ይገፉታል፤ ከንፈሩ ከደፉ ይንሸራተትና ራምፑ ከነተሳፋሪው ክፍተቱ ላይ ይወድቃል። ዝናብ ካለ ይብሳል። ቀዳዳዎቹ በአሸዋና በማስቲካ ስለሚደፈኑ የባቡሩ ጽዳት ሠራተኞች የሥራ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ብዙ ቦታ የማንም ሥራ ሳይሆኑ ይቀራሉ።

የታችኛው ጫፍም የራሱ ጣጣ አለው። ማየት ለተሳናቸው የሚነጠፈው ባለ ጉብታ ንጣፍ ጉብታዎቹ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። የአጭር ራምፕ ግርጌ ልክ እነሱ ላይ ሲያርፍ በሁለት ሦስት ጉብታ ብቻ ይደገፍና ይንገጫገጫል። ከጫፉ ሥር ወፍራም የጎማ ንጣፍ ካለው ችግሩ በአብዛኛው ይወገዳል። የገጹን ሻካራነትም ፈትሹ፦ ከተለጠፈ የአሸዋ ወረቀት ይልቅ በሻካራ ቀለም የተቀባ ወይም ከላሜራው ጋር የተቀረጸ ይሻላል። የተለጠፈው ከጫፍ ጀምሮ ይላጥና የፊት ትንንሽ ጎማዎችን ያደናቅፋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ይመስላል፤ ሥርዓት ግን አለው። መጀመሪያ ሾፌሩ በሩን እንዳይዘጋ ምልክት ይሰጠዋል፤ ከዚያ የሚወርደው ሰው ይወርዳል፤ ራምፑ ተዘርግቶ ፒኖቹ መግባታቸው በእግር ተረግጦ ይረጋገጣል። ተሳፋሪው ሲወጣ ፊቱን ወደ ባቡሩ አድርጎ፣ ሲወርድ በእጅ የሚገፋ ከሆነ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ረዳቱ ከታች በኩል ሆኖ ነው። ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ከግርጌው ሲደርስ የእግር ማሳረፊያው ከፕላትፎርሙ ጋር ይጋጫል፤ ወንበሩ ቀጥ ሲል እሱ ወደ ፊት ይወረወራል። ዊልቸሩ ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ የሚያግዙት የኋላ ትንንሽ ጎማዎች ካሉት ደግሞ፣ መውጣት ሲጀምር እነሱ መሬት ነክተው የሚነዱትን ጎማዎች ከመሬት ሊያነሷቸው ይችላሉ። መፍትሔው ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱን ጠይቆ ወደ ላይ ማጠፍ ነው። ሳይጠየቅ ወንበሩን የሚነካ ረዳት፣ በቅንነት ቢሆንም፣ አደጋ ነው።

ራምፑን የሚያስጠላው ግን ብረቱ ሳይሆን ስልኩ ነው። የሚሳፈርበት ጣቢያ ለሚወርድበት ጣቢያ የባቡሩን ቁጥር፣ ፉርጎውን፣ በሩንና የመድረሻ ሰዓቱን ማሳወቅ አለበት። ባቡሩ ፕላትፎርም ሲቀይር፣ ሽፍት ሲለወጥ ወይም የሳጥኑ ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ሲሄድ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ተሳፋሪው ባቡሩ ውስጥ ይቀርና ሳይወድ ቀጣዩን ጣቢያ ያያል። ቁልፉ ለሁሉም ሳጥን አንድ ዓይነት ቢሆንና ሾፌሩም አንድ ቢይዝ ግማሹ ችግር ይቀላል። ከ24 ሰዓት በፊት አስመዝግቡ የሚል አሠራር ግን አገልግሎት አይባልም፤ ሌላው ተሳፋሪ ባሰኘው ሰዓት ነው የሚወጣው።

አማራጮቹስ? ክፍተቱ ወደ ጎን ብቻ ከሆነ በፕላትፎርሙ ጠርዝ ላይ የሚታሰረው የማበጠሪያ ቅርጽ ያለው የጎማ መሙያ ያዋጣል። ከላይ ሲረገጥ ጠንካራ ነው፤ ባቡር ሲነካው ግን ይተጣጠፋል። የከፍታ ልዩነትን አይፈታም። የፕላትፎርሙን አንድ ክፍል ብቻ ከፍ ማድረግም ይቻላል፦ በእንግሊዝ ሀሪንግተን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከለው ተገጣጣሚ ጉብታ የጣቢያውን ስም ይዞ ወደ ሌሎች ጣቢያዎች ተዛምቷል፤ በለንደን ቪክቶሪያ መስመርም ፕላትፎርሞች በከፊል ከፍ ተደርገዋል። እኛ የምናስቀድመው ይህን ነው፤ ሠራተኛም ስልክም አይፈልግም። ቅድመ ሁኔታው በመስመሩ ላይ የሚሄዱት ባቡሮች ወለል እኩል መሆኑ ነው። ከባቡሩ በር ሥር በሞተር የሚወጣው መረማመጃም ጥሩ ነው፤ ሴንሰሩ አቧራ ወይም በረዶ ሲይዘው ግን በሩ አልዘጋ ይልና ባቡሩን ያቆማል።

ከእነዚህ በየትኛውም መድረስ የሚገባው ልክ በቁጥር ይታወቃል። የአውሮፓው ደንብ ያለ ራምፕ መግባት የሚቻለው ክፍተቱ ወደ ጎን ከ75፣ ወደ ላይ ከ50 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ነው ይላል። የአሜሪካው ለአዲስ ሜትሮ ወደ ጎን 76 ሲፈቅድ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ግን ጠበቅ ብሎ 16 ሚሊ ሜትር ይላል። የእኛ ምርጫ የአሜሪካው ነው፤ የ5 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ለፊተኛዋ ትንሽ ጎማ ግድግዳ ነው።

ፕላትፎርሙ ጠመዝማዛ ላይ ከሆነ ለራምፑ በር ሲመረጥ ጥንቃቄ ያሻል። በቦጊዎቹ (ጎማዎቹን በያዙት ሁለት የሥር ጋሪዎች) መካከል 12 ሜትር ርቀት ያለው ፉርጎ በ300 ሜትር ራዲየስ ላይ ሲቆም መሃሉ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኩርባው ውስጥ ይገባል። ፕላትፎርሙ ከኩርባው ውስጥ በኩል ከሆነ የመሃለኛው በር ይቀርባል፤ ከውጭ በኩል ከሆነ ደግሞ የዳር በሮች ይቀርባሉ። የዊልቸር ምልክቱ ወለሉ ላይ የሚሳለው ይህ ከተለካ በኋላ ነው።

ዕቃውን ስትረከቡ ሻጩ ፊት ዘርግታችሁ የማጠፊያውን መስመር በጣታችሁ ዳስሱት፤ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል የደረጃ ልዩነት ካለ አትቀበሉ። መሃሉ ላይ ክብደት ጭናችሁ መለመጡን እዩ፤ ክብደቱ ሲነሳ ቀጥ ካላለ መልሱት።